ጋሼ “ትንፋሽ ያዙ”፦ የራጅ አንሺው አባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከአባታቸው ከውኃ ማጣሪያው ጠባቂና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ፣ በኅዳር ወር 1956 ዓ.ም.፣ ከአራት ልጆች ሦስተኛ ሆነው ተወለዱ። ቤታቸው ማጣሪያው ግቢ ውስጥ ስለነበረ ጭጋጉ እስከ ረፋድ ከደጃፉ አይነሣም። እርሳቸውም መስኮቱ ላይ ተቀምጠው፣ ከጭጋጉ የሚወጣው ጥላ የማን እንደሆነ ሲገምቱ ያረፍዱ ነበር። እናታቸው “ይህ ልጅ ዓይኑን ገልጦ ያልማል” ይሉ እንደነበር ታላቅ እኅታቸው አጫውተውናል።

ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው ሐኪም ለመሆን ቢመኙም ውጤቱ በጥቂት ጎደላቸው። ሁለት ዓመት በራጅ ሙያ ሠልጥነው በ1978 ዓ.ም. ከድልድዩ ማዶ ባለችው ክሊኒክ ተቀጠሩ፤ ሌላ መሥሪያ ቤትም አላዩም። “ትንፋሽ ይያዙ... አሁን ይተንፍሱ” ሲሉ ያልሰማቸው የከተማው ሰው ስለሌለ፣ ልጅ አዋቂው “ጋሼ ትንፋሽ ያዙ” ይላቸው ነበር። በ1983 ዓ.ም. የክሊኒኳን የመድኃኒት ባለሙያ፣ እናታችንን ሲያገቡ፣ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ገና ከፍ ሲያደርግ እድምተኛው በአንድ ድምፅ “ትንፋሽ ያዙ!” ብሎ ጮኸ። በሠርጉ ፎቶ ላይ ሙሽሮቹ አፋቸውን ከፍተው የሚስቁት ለዚህ ነው።

አባታችን በሕልማቸው፣ ራጅ ያነሷቸው ሰዎች ደረታቸው ውስጥ ፋኖስ እየበራ ድልድዩን ቀስ ብለው ሲሻገሩ ያዩ ነበር። ጠዋት ሲያወሩላቸው እናታችን፣ “ሰው በሕልሙ እንኳ ያርፋል፤ አንተ ትርፍ ሰዓት ትሠራለህ!” ይሏቸዋል።

ክሊኒኳ ግን ራጅ የሚያነብ ስፔሻሊስት አልነበራትም። ፊልሙ ፖስታ ውስጥ ታሽጎ በአውቶቡስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይሄዳል፤ መልሱ በስድስተኛው ቀን ይመጣል። በ2003 ዓ.ም. አንድ ግንበኛ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ መጣ። እንደ እኅታችን የምናያት የክሊኒኳ ሐኪም ፊልሙን አየችው፤ ደህና መሰላትና አሰናበተችው። “የአንገት አጥንቱ ተሰንጥቋል” የሚለው ወረቀት ሲደርስ፣ ሰውየው ሥራ ጀምሮ ቀኝ እጁ ዝሎ ቀርቶ ነበር። ሐኪሟ “ብቻዬን ስንት ዓይን ይኑረኝ?” ብላ አልቅሳ የሥራ መልቀቂያ አስገባች። ተተኪ እስኪገኝ ጠብቂ ተባለች።

በ2004 ዓ.ም. ተተኪው ሳይመጣ አዲስ የራጅ መሣሪያ መጣ። ምስሉም በኢንተርኔት መስመር፣ በሩቅ ከተማ አልጋ የያዙ እናቷን እያስታመመች ከቤቷ ወደምትሠራ የራጅ ስፔሻሊስት መሄድ ጀመረ። የመጀመሪያ መልእክቷ፣ “ጋሼ፣ ትከሻው አዘንብሏል፤ እባክዎ ይድገሙልኝ” የሚል ነበርና አባታችን ሁለት ቀን አኮረፉ። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ደውለው፣ “በይ እስኪ አስተምሪኝ” አሏት።

በዚያው ሳምንት ከብስክሌት የወደቀች መምህርት ደረቷን ይዛ መጣች። ሐኪሟ ምስሉ ላይ ምንም አልታያትም። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ስፔሻሊስቷ ደወለች፦ “በግራ ሳንባዋ ጠርዝ ፀጉር የምታህል መስመር አለች፤ አየር እያመለጠ ነው። መንገድ አታስጀምሯት፤ እዚያው ቱቦ አስገቡላት።” አስገቡላት፤ መምህርቷም ዳነች። ሐኪሟ በማግሥቱ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ከአስተዳዳሪው ተቀብላ ቀደደችው።

ከዚያ ወዲህ የምታማክረው ሰው አላጣችም። ወደ ትልቁ ሆስፒታል የአራት ሰዓት መንገድ የሚጓዘውም የግድ የሆነበት በሽተኛ ብቻ ሆነ። አባታችን ደግሞ፣ “ድሮ የማላነበውን ደብዳቤ አድራሽ ነበርኩ፤ በስተርጅና ፊደል ቆጠርኩ” እያሉ ይስቁ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሳል ጸናባቸው። ለክሊኒኳ ነርስ የማንሻውን ቁልፍ አሳይተው፣ ራሳቸው በተራቸው ከመሣሪያው ፊት ቆሙ። ምስሉ ያለ ስም፣ በቁጥር ሄደ። ራጅ አንባቢዋ ስፔሻሊስት ወዲያው ለሐኪሟ ደወለች።

“ዛሬ ያነሳው ማነው? የጋሼ እጅ አይደለም። ታመሙ እንዴ?”

ሐኪሟ፣ “ምስሉ የእሳቸው ነው” አለቻት።

ሃያ ደቂቃ የሚበቃው ንባብ ያን ቀን ሁለት ሰዓት ፈጀ። አንባቢዋ ለአባታችን ራሷ ደወለች፤ ስለ መሣሪያው፣ ስለ መብራቱ ትጠይቃቸው ጀመር። “አይዞሽ ልጄ” አሏት፤ “የስንቱን ስትነግሪኝ ኖረሽ የለም እንዴ? ያየሽውን ንገሪኝ።” ነገረቻቸው። አመስግነው ስልኩን ዘጉ፤ ውጭ የሚጠብቃቸውን በሽተኛም ጠሩ።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የመጨረሻ ወራታቸውን በቤታቸው በረንዳ ላይ አሳለፉ። የሚያልፈውን ደመና በጣታቸው ሲከተሉ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ሲነቁ “ሩቅ ሄጄ መጣሁ” ይሉናል። ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ፣ እናታችን እጃቸውን እንደያዙ፣ በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

አባታችን ባለትዳር፣ የሁለት ሴቶችና የአንድ ወንድ ልጅ አባት፣ የሦስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። አሥራ ሁለት ዓመት በድምፅ ብቻ ያወቅናት አንባቢያቸውም ዛሬ ከመካከላችን ቆማለች። ትናንት ደጃችን ላይ “ቤቶች” ስትል፣ ማን እንደሆነች ሳትናገር እናታችን በድምፅዋ ለይተው አቀፏት።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሕመም በማይደርስበት ማረፊያ ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን፣ እርሳቸውን ከሚያሳይ እንቅልፍ ጋር ይስጠን።