ፎጣ የሚጥል ሰው

ለልጄ ለዶድዚ፤

እንደምን ሰነበትህ? እናትህስ እንዴት ናት? እህል መቅመስ ጀመረች ወይስ አሁንም ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳዞረች ነው? የእህትህ የኤሲናም ሳል ለቀቃት? በዚህ ዝናብ ጣራው አላፈሰሰም? እኔ ደህና ነኝ አልልህም፤ ውሸት እንደማልወድ ታውቃለህ። ግራ ጆሮዬ ይጮኻል፣ ሁለት ጥርሶቼ ይነቃነቃሉ፤ በሕይወት ግን አለሁ።

ወንድምህን ኤሊኬምን በቀበርን ማግስት ገጀራህን ስትስል አግኝቼህ፣ ነገሩን በዓይኔ አይቼ ቃሌን እስክልክልህ ድረስ ከሎሜ እንዳትወጣ አስምዬህ ነበር። ቃሌ ይኸው። ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ሳትጨርስ አትነሣ።

አክራ እንደደረስኩ ማንነቴን ሳልናገር ወንድምህ በእንግድነት ሲጋጠም ተመትቶ የሞተበት ቦክስ ቤት ገባሁ። ዓሣ በጭስ ከሚደርቅባቸው ምድጃዎች ጀርባ ያለ፣ ጣራው ግማሹ ቆርቆሮ ግማሹ ሰማይ የሆነ ቤት ነው። መንገደኛ ነኝ፣ ሰውነቴ እንዳይተሳሰር ከእናንተ ጋር ልለማመድ አልኳቸው። አንዱ፣ «አባባ፣ ተሳስተው ነው የገቡት፤ ሬሳ ሣጥን ሠሪው ከመንገዱ ማዶ ነው» አለኝ። ሌላው ቀበል አድርጎ፣ «የዓሣ ቅርጽ ያለውን ይዘዙ፤ ለቀጫጫ ሰው እሱ ይስማማል» አለ፤ እዚህ አገር ሬሳ ሣጥን በዓሣ ቅርጽም ይሠራል። ሁሉም አውካኩ። እኔ መዝለያ ገመዱን አነሣሁና እነሱ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ድረስ ዘለልኩ። ሳቁ ቆመ።

የቤቱ ጌታ አታ ኦዳርቴ ይባላል፤ አፍንጫው የተጨፈለቀ፣ እንደ እኔ ያረጀ ሰው ነው። እንግዳን ኬንኬ የሚሉትን የበቆሎ ሙልሙልና የተጠበሰ ዓሣ ሳያበላ አይሸኝም። ክፉ ሰው ፍለጋ መጥቶ ጥሩ ሰው ማግኘት እንዴት እንደሚያበሳጭ ልነግርህ አልችልም።

ደንባቸው ነውና እንግዳ ከቤቱ ሰው ጋር ሪንግ ይወጣል። እኔም ኖይን ስጡኝ አልኩ። ኖይ ወንድምህን የመታው ነው፤ አንተ ስሙን ጥርስህን ነክሰህ የምትጠራው። ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። «ከእንግዳ ጋር ሁለተኛ አልጋጠምም፣ አታ፤ ያውም ከሽማግሌ ጋር!» ብሎ እምቢ አለ። ፈሪ ብዬ ሰደብኩት። ጓደኞቹ፣ «ኖይ፣ አያትህ ሰደበህ እኮ! ዝም ልትለው ነው?» እያሉ ሲጮኹበት ወጣ።

መጀመሪያ የሚመታኝ እየዳበሰ ነበር። አፍንጫውን ሳደማው የእውነቱን መታ። ጆሮዬ ላይ ያረፈችው ቡጢ ቤቱን አዞረችብኝ። ደገመኝ። ከውጭ፣ «አባባ፣ በቃኝ ይበሉ! በቃኝ ይበሉ እንጂ!» ይሉኛል። አፌ ግን እንዴት እሺ ይበል? የእኛን ቦክስ ቤት ሕግ ታውቃለህ። ጭንቅላቱን እየተመታ ያለ ሰው ለራሱ መፍረድ አይችልም፤ ስለዚህ በቃኝ አይልም። ጥጉ ላይ የቆመው ሰው አይቶ ግጥሚያው እንዲቆም ፎጣ ይጥልለታል። ይህን ሕግ ማንም አላስተማረኝም፤ በራሴ አጥንት የተማርኩት ነው፤ ዛሬም አልሽረውም። ሳላስበው ዓይኔ ወደ ጥጉ ዞረ። ማንም አልነበረም።

ያን ጊዜ ኖይ እጁን ጣለ። ፊቱ አመድ መሰለ። «እሱም እንዲህ ነበር የሚያየው» አለ። «ያ የቶጎው ልጅ። በመታሁት ቁጥር ወደዚያ ጥግ ያያል። የናቀኝ መስሎኝ ነበር። እዚያ ምን አለ፣ አባባ?»

ማን እንደሆንኩ የነገርኳቸው ያኔ ነው።

አታ ኦዳርቴ መሬት ላይ ቁጭ አለ። በእነሱ ቤት ገና በእግሩ የቆመን ወንድ ሌላ ሰው ቢያስቆመው ስድብ ነው፤ በቃኝ ማለት የተጋጣሚው የራሱ ፈንታ ነው። ወንድምህ የሚያስቆምለት ሰው ሲጠብቅ፣ እነሱ ደግሞ ከአፉ አንዲት ቃል ሲጠብቁ፣ በመካከል ሞተ። ብቻውን ነበር የመጣው። በዓይኑ ሲፈልግ የነበረው እኔን ነው።

ስለዚህ ዶድዚ፣ የምትቆርጠው እጅ እዚህ የለም። ኖይን ይቅር አላልኩትም፤ ይቅር የሚባል በደል አላገኘሁበትምና። ገጀራውን ለእናትህ ስጣት፣ ኮኮናት ትፍለጥበት። እምቢ ብለህ ብትመጣ መጀመሪያ የምታገኘው እኔን ነው፤ ጆሮዬ ቢጮኽም ላንተ አላንስም።

አታ ኦዳርቴ አጥቦ ያስቀመጠውን የወንድምህን ፎጣ ተቀብዬ በዚያ ጥግ ገመድ ላይ አሰርኩት። ብቻውን ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ ከኋላው ሰው ይቁምለት አልኩ። «ይህ የእኛ ልማድ አይደለም፣ ወንድሜ» አለኝ። አዎ፣ አይደለም አልኩት። እነሱ ፎጣውን ማታ ይፈቱታል፤ እኔ ጠዋት መልሼ አስረዋለሁ። መፍታቱን እስኪተዉ ድረስ አልመጣም።

እናትህን ሰላም በልልኝ። የጻፍኩትን ሁሉ ንገራት፤ ወደ ጥጉ ያይ እንደነበር ብቻ ለእኔ ተወው፣ ስመጣ ራሴ እነግራታለሁ። ኤሲናምን ሳምልኝ፤ ዝንጅብሉን መጠጣት እንዳታቋርጥ። አክስትህን ያዋን፣ ሌሊቱን ከእናትህ ጋር ስላደረች አመስግንልኝ። በግቢያችን ለሚለማመዱት ሰላምታዬን አድርስ። እኔ እስክመለስ ማንም ያለ ጠባቂ ሪንግ እንዳይገባ። ጥጉ ላይ አንተ ቁም።

አባትህ አግቤኮ

አክራ፣ ኦገስት 11 ቀን 1987