ፓራውልቱን አልመልሰውም

ኤፕሪል 14፣ ማክሰኞ

ሱፐርማርኬት ውስጥ ኮሮኬ የሚሉትን የድንች ጥብስ ስጠብስ ዋልኩ። ፀጉሬ ዘይት ዘይት ይላል። እንደወጣሁ ቀጥታ ወደ ሽማግሌው መካኒክ ኩሪሃራ ሳን ጋራዥ... ለመኪናዬ አዲሱ የፊት ፓራውልት ተገጥሞላታል። ዝቅ ያለ፣ አፉ ሰፊ። ታርጋዋንም ከመሃል አንስቶ ወደ ግራ ወስዶልኛል። አልታጠፈች፣ አልተሸፈነች፣ ቁጥሯ ከሩቅ ይነበባል። "ሕግ አልነካንም፤ አስዋብናት እንጂ" አለ ሽማግሌው።

ለምን ወደ ግራ? ያምራላ! ሌላ ምክንያት የለኝም። ማንም ሌላ ምክንያት ሊጠይቀኝ አይችልም።

ለሾጎ ፎቶ ላክኩለት። "ደፈር ያለች ናት" ብሎ መለሰ። እጮኛዬ ነገር ሳይጥመው ሲቀር እንዲህ ነው የሚያወራው።

ኤፕሪል 22፣ ረቡዕ

የመኪና ምርመራ። እዚህ ፊቷን የቀየረች መኪና ሁሉ ለምርመራ ቀን የፋብሪካውን ፊት አድርጋ ነው የምትሄደው። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያፍርም። "ከመርማሪ ጋር ከመከራከር ቡሎን መፍታት ይቀላል" ይላል ኩሪሃራ ሳን። አሮጌውን ፓራውልት ከመጋዘን አወጣን፣ ታርጋዋን ወደ መሃል መለስን። አለፈች። አዲስ ቦሎ ተለጠፈላት።

የራሷን፣ አዲሱን ፊት ልንመልስላት ስንል ሾጎ ደወለ።

"እስከ እሁድ ተዪው።"

"ለምን?"

"እሁድ እናቴ ጋ ነን አይደል... ለአንድ ቀን ብቻ፣ ቺናትሱ።"

ተውኩት። ለአንድ ቀን ምን አለበት?

ኤፕሪል 26፣ እሁድ

ተራራውን ተሻግረን ሳኩ ከተማ፣ የሾጎ እናት ቤት። የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። እናቱ ኪሚኮ ሳን በር ላይ ቆመው መኪናዬን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። "ጨዋ መኪና ናት። መኪና ባለቤቷን ትመስላለች" አሉ። ሾጎ ደስ ብሎት በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

ሶባ የሚሉትን ቀዝቃዛ ፓስታ በላን። ድምፄን አሳነስኩ። ስስቅ አፌን በእጄ ሸፈንኩ። እኔ? ሳቄ ከመጥበሻው ክፍል እስከ ገንዘብ ተቀባዮቹ የሚሰማው? ጫማዬን ሳደርግ "እንዴት ያለች ዝምተኛ ልጅ አገኘህ" ሲሉት ሰማሁ።

አንገቴን አሞኛል። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና...

ሜይ 3፣ እሁድ

"እስከ ሠርጉ ተዪው" አለ ሾጎ።

ሜይ 5፣ ማክሰኞ

"እሺ፣ ከሠርጉ በኋላስ?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ከዚያማ ልጅ ሲመጣ አንቺው ራስሽ ትረሺዋለሽ።" እየሳቀ ነው ያለው። አልሳቅኩም።

የመኪና ምርመራ በአንድ ቀን ያልቃል። የአማት ምርመራ መቼ ነው የሚያልቀው? ተናድጃለሁ። በእሱ ብቻ አይደለም። እሺ ያልኩት እኔ፣ ቡሎኑን ያሰርኩት በገዛ እጄ። ማን አስገደደኝ?

ሜይ 9፣ ቅዳሜ

አዲሱን ፓራውልት መልሰን ገጠምነው። ታርጋዋም ወደ ግራዋ። ኩሪሃራ ሳን ፈራ ተባ እያለ፣ "አማትሽስ?" አለኝ።

"ፓራውልቱ የኔ ነው። አማቴ ግን ገና አማቴ አልሆኑም።"

ሳቁን አፍኖ ጎንበስ አለ። አሮጌውን ፓራውልትም ሸጥኩት። እንደኔው ያለ መኪና ያለው ሰውዬ፣ ሚስቱ ከግንብ ጋር አላትማበት ኖሮ፣ ቀለሙ እንኳ ልክ ሲሆንለት ጊዜ ሁለት ጊዜ አመሰገነኝ። ጣራው ላይ አስሮ ሄደ።

"ለሚቀጥለው ምርመራ ምን ልታደርጊ ነው?" አለ ኩሪሃራ ሳን።

"ያኔ እከራከራለሁ።"

ቀለል አለኝ። በጣም ቀለል አለኝ።

ሜይ 12፣ ማክሰኞ

ሾጎ መጣ። መኪናዋን ውጭ አይቷታል።

"ሸጥሽው? እሁድ እኮ እናቴ ጋ ነን። ምን ልንላት ነው?"

"አስተዋውቀን።"

"ተዋውቃችኋል እኮ።"

"አልተዋወቅንም። ያን ቀን ካንተ ጋር የመጣችው ሌላ ሴት ናት።"

በመስኮት ወደ መኪናዋ አየ። ከዚያ፣ "በባቡር ብንሄድስ?"

"አንተ በባቡር ሂድ።"

ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቢያላትመው ይሻለኝ ነበር... እወደዋለሁ እኮ፣ ችግሩም ይኸው ነው። ታምሜ የተኛሁ ጊዜ የሩዝ ገንፎ እያበሰለ በማንኪያ ያጎረሰኝ ሰው ነው። እናቱ ፊት ሲቆም ግን ያ ሰው የት ነው የሚሄደው?

ሜይ 17፣ እሁድ

ስመለስ መንገድ ላይ አልቅሻለሁ። ለማን ብዬ እዋሻለሁ? አሁን በቅቶኛል፣ ልጻፈው።

በባቡር አልሄደም። አጠገቤ ተቀምጦ ነው የሄድነው። ያ ነገር ተስፋ ሰጥቶኝ ነበር። መንገዱን ሁሉ ሬዲዮ ሰማን። ደጃፋቸው ላይ አቆምኩ፣ ልክ በሩ ፊት ለፊት።

ኪሚኮ ሳን ወጡ። በመኪናዋ ፊት ዞሩ። "ታርጋው ለምን ወደ ጎን ሄደ? ተጋጭታ ነው?"

"አይ፣ እንድታምር ብዬ ነው። እኔ ነኝ ያስቀየርኩት።"

"ያን ዕለት እንዲህ አልነበረችም።"

"ያን ዕለት ደብቄብዎት ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ። መኪናዬ ይቺ ናት፤ እኔም እንዲሁ ነኝ።"

ዝቅ ብዬ እጅ ነሳሁ። ከልቤ ነበር። ስለደበቅኩ እንጂ ስለ መኪናዋስ አይደለም።

የጎረቤቱን መስኮት ገልመጥ አደረጉና፣ "ሾጎ፣ ይህን ነገር ከደጄ አንሳልኝ" አሉት።

አየሁት። ብዙ አልፈለግኩም። "ተያት፣ እማዬ" ቢል ይበቃኝ ነበር። ምንም ባይል እንኳ፣ ቆሞ ቢቀር እንኳ...

እጁን ዘረጋልኝ።

"ቁልፉን ስጪኝ፣ እዚያ ማዶ ካለው ሱቅ ጀርባ አቁሜያት ልምጣ። ለትንሽ ጊዜ ብቻ ነው፣ ቺናትሱ።"

የእጮኝነት ቀለበቱን ከጣቴ አውልቄ የዘረጋው መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

"ቁልፉን አልሰጥህም" አልኩት። "ቤቴ ሩቅ ነው።"