ካኮ ገበያ የሚያዳምጠው የጦር ሬዲዮ

ለተከበሩ ሻለቃ ወንድይፍራው፣
በካኮ አቅራቢያ የሰፈረው ጦር አዛዥ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ ደህና ነው? በተለይ ጉሮሮዎን ብርድ እንዳይመታብዎ ፈጣሪን እለምናለሁ፤ ጥርት ያለ ድምፅዎን በየገበያው ቀን እየሰማን ለምደንዎታልና።

እኔ መሰረት እባላለሁ፤ የጂንካ ልጅ ነኝ። ዘንድሮ በቴሌኮሙኒኬሽን ምህንድስና ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ስል፣ ካምፕዎ የተማርኩትን ሁሉ በተቃራኒው ሲሠራ አገኘሁትና ይህን ለመጻፍ ደፈርኩ።

አንደኛ፦ የካምፑ ጄኔሬተር ከተበላሸ ወዲህ የእጅ ሬዲዮዎቻችሁ ገበያው መሃል ባለው የእትዬ ቦሼ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ሱቅ ይሞላሉ። ይህስ ባልከፋ፤ ካኮ ስመጣ የእኔም ስልክ እዚያው ነው የሚሞላው። ዳሩ ግን «ትእዛዝ እንዳያመልጥ» በሚለው መመሪያዎ መሠረት ሬዲዮዎቹ ሲሞሉም አይጠፉም፣ ድምፃቸውም አይቀነስም። መኪናው መቼ እንደሚነሳ፣ በየት እንደሚያልፍ፣ ስንት ወታደር እንደጫነ ማር ሻጩም ፍየል ነጂውም እኩል ይሰማል። እትዬ ቦሼን ብጠይቃቸው «ልጄ፣ እኔ ምን ላድርግ? ደንበኛው ስልኩ ሞልቶለት እንኳ ዜናው ሳያልቅ አይሄድልኝም» አሉኝ።

ሁለተኛ፦ ነዋሪው አቤት ሲል ፈጥነው መፍትሔ ስለሰጡ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መልእክቱ ከእንግዲህ በኮድ ይተላለፍ ብለው አዘዙ፤ ኮዱም ሐመርኛ ሆነ። ከሩቅ አገር ተመድበው ስለመጡ አልፈርድብዎትም። እዚህ ግን የካኮው ነዋሪ በናው ከሐመሩ ጋር ያለ አስተርጓሚ ይግባባል። ድሮ አማርኛው ይቸግራቸው የነበሩ አዛውንቶች ዛሬ አንዲት ቃል አታመልጣቸውም። አንድ ሽማግሌማ «መንግሥት በመጨረሻ ለእኛም አሰበ» ብለው መርቀውዎታል።

ሦስተኛው ላይ መቀለድ ያቅተኛል። ባለፈው ሳምንት ወደ ዱስ መንደር የወረደው ኦራል መኪና፣ በሬዲዮ በተባለው ሰዓት፣ በተባለው መታጠፊያ ላይ ከብት ዘራፊዎች ተኮሱበት። ሾፌሩ ሚልክያስ ትከሻውን ተመቶ ጂንካ ሆስፒታል ተኝቷል። ልጠይቀው ስገባ «በአጋጣሚ አላገኙንም እኮ፣ አድፍጠው ጠበቁን» ነው ያለኝ።

አራተኛውን አልጽፈውም። ወንድሜ ጸጋዬ የእርስዎ ወታደር ነው፤ የሚቀጥለው ጉዞ ተራ የእሱ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና መንገዱን ትናንት ቲማቲም ስገዛ ሰምቻለሁ። ሆኖም ይህ ማንም የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ አይነገርም ብዬ ተውኩት።

ለብቻዎ ልነግርዎም ካምፑ በር ድረስ መጥቼ ነበር። ጥበቃው ጉዳዬን በባለጉዳዩ ሁሉ ፊት ጮክ ብዬ ካልተናገርኩ እንደማያስገባኝ በትሕትና ገለጸልኝ። እምቢ ብዬ ተመለስኩ፤ ምስጢር በመጠበቋ ከዚያ በር የተባረረች የመጀመሪያዋ ሰው ሳልሆን አልቀርም።

ልመናዬ ከባድ አይደለም። ባትሪው ከሬዲዮው ተነቅሎ ለብቻው ይሞላ፤ ሰዓትና መንገድ በአየር ላይ አይነገር፤ የጸጋዬ ጉዞ ይለወጥ። ደህና ኮድ ማዘጋጀት ካስፈለገ እኔ አለሁ፣ ያለ ደመወዝም ቢሆን፤ ዛሬውኑ ቢጠሩኝ ዛሬውኑ እመጣለሁ።

ድምፅዎን ጠግባ ፊትዎን ለማየት ያልታደለችው፣ ለወንድሟ ዕድሜን ለእርስዎ ማስተዋልን የምትመኘው፣
አክባሪዎ መሰረት፣ ከጂንካ

ማሳሰቢያ፦ ጉዞውን ከለወጡት መልስ በመጻፍ አይድከሙ። ካኮ ገበያ ወርጄ ወንድሜ የሚነሳበትን ሰዓት የሚነግረኝ ሰው ካጣሁ፣ መለወጡን ያን ጊዜ አውቃለሁ።