ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቃል

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ያለ ጸሐፊ፣ በገዛ እጄ ጻፍኩልሽ። የልብስ ስፌት ቤታችን ጣሪያ ታድሷል። ከሄድሽ ሁለት ዓመት ቢሆንም የስፌት መኪናሽን ማንም አልነካትም።

ባለፈው ሳምንት፣ የጎልማሶች ትምህርት ላይ፣ መምህሯ አስነሥታ አስነበበችኝ። "በ... በ..." እያልኩ ስንገታገት፣ ከኋላ የተቀመጠው አናጢ "እትዬ፣ ሞተሩ አልነሣ አለ እንዴ?" ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው። መምህሯ ሰሌዳው ላይ "ሹፈት" ብላ ጻፈች፤ "ሰውን በድካሙ መሳለቅ ማለት ነው፤ ዐረፍተ ነገር ሥሩበት" አለችን።

ሁሉም በአናጢው ላይ ሠሩ። እኔ የጻፍኩት፦ "እህቴ ቃል ሲይዛት፣ ደንበኛ ፊት እንደ እሷ እየተንተባተብኩ አሾፍባት ነበር" የሚል ነው። መምህሯ "ትክክል" አለችኝ። እንደዚያ ቀን ትክክል መሆን አሳፍሮኝ አያውቅም።

ስልኬ ቁጥሩ ያው ነው። እንደሚሠራ ለማወቅ ያንኑ አናጢ በየቀኑ አስደውለዋለሁ፤ ይጠራል። ስትደውዪ አትቸኩዪ፤ ቃሉ እስኪወጣልሽ አፌን ዘግቼ እጠብቃለሁ።

"የወጋ ቢረሳ" ይላሉ። እኔ ግን አልረሳሁም።

ሰላምሽ ይብዛልኝ።

ታላቅሽ