ከክሊኒኩ ጣራ ስለወረዱት አራት የፀሐይ ሰሌዳዎች

ለጓድ ኃይለመስቀል ወንድይራድ
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ሮቤ

ጉዳዩ፦ ዘግይቶ የቀረበ ግለ ሂስ

እጅግ የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እየጠየቅሁ፣ የዘንድሮው ብርድ ጉልበትዎን እንዳይነካብዎ፣ ያ በስብሰባ ሁላችንን የሚያሳድር ድምፅዎም እንዳይዘጋብዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ዘሪሁን ባዳሳ፣ የማዘጋጃ ቤቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ በሰውነቴ ደኅና ነኝ፤ ሌላው ነገሬ ደኅና ስላልሆነ ግን ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በቀበሌው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። በየስብሰባው ጥፋቱን የማይናገር ሰው የአብዮቱ ሸክም መሆኑን ስላስተማሩን አመሰግናለሁ፤ ተማሪዎ ዘገምተኛ ሆኖ እንጂ ትምህርቱስ ደርሶት ነበር።

1ኛ. ባለፈው ዓመት በግንቦት አንድ የእርዳታ ድርጅት የክትባት ማቀዝቀዣውን እንዲያሠሩ አራት የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎችን በክሊኒካችን ቆርቆሮ ላይ ሲተክል፣ የከተማው ሞተር መብራት እኛ ሰፈር ስለማይደርስ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ከሁላችን አርቀው ያዩት ግን እርስዎ ነበሩ። ጳጉሜን ላይ ለአብዮቱ በዓል ከጎባ እንግዶች እንደሚመጡ በሰሙ ጊዜ አስጠርተውኝ፣ «ፀሐይ የሰፊው ሕዝብ ናት፤ አንድ ፍሪጅ ብቻውን ሊበላት አይገባም» አሉኝ፤ ሰሌዳዎቹም ለሦስት ቀን ብቻ ወደ አዳራሹ ጣራ ተዛውረው መብራትና ድምፅ ማጉያ እንዲያሠሩ አዘዙ። ሦስቱን ቀን እስከ ስድስት ወር ለዘረጋው ለጋስነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

2ኛ. አዳራሹ ጣራ ላይ ወጥቼ ሰሌዳዎቹ ፀሐይ በሚያገኙበት በጓሮ በኩል ይሁኑ ብዬ ለምኜዎት ነበር። እርስዎ ግን እንግዶቹ ከመኪናቸው ሳይወርዱ እንዲያዩአቸው በመንገዱ በኩል፣ ከባሕር ዛፎቹ ጥላ ሥር እንዲሆኑ ፈለጉ። በበዓሉ ዕለት ንግግርዎ ገና ሳይጋመስ ድምፅ ማጉያው ጸጥ አለ፤ እንግዶቹም ያለቀ መስሏቸው አጨበጨቡ። ከዚያ ወዲያ ሰሌዳዎቹ ለጌጥ ቀሩ። ሙያዬን ከእኔ አብልጠው ስለሚያውቁልኝ አመሰግናለሁ።

3ኛ. ሦስተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም። ሰሌዳዎቹን ከክሊኒኩ ባወረድኩበት ዕለት ጠዋት፣ ከባለቤቴ ጋር የዘጠኝ ወር ሴት ልጃችንን ይዘን ወደ ጤና ረዳቷ ወደ ማናልበሽ ኢዶሳ ሄድን። የልጃችን ቀጠሮ ለቀጣዩ ሳምንት ነበር። «ዛሬውኑ ውጊልኝ» አልኳት፤ ለምን እንደቸኮልኩ ግን አልነገርኳትም። ወጋችልኝ። ባለቤቴ ልጅቷን ታቅፋ ወደ ቤት ስትመለስ እኔ መሰላሌን በክሊኒኩ ግድግዳ ላይ አስደገፍኩ። ታዝዤ ነው የሚለው መልስ እዚህ ላይ አያድነኝም፤ ልጄን አስቀድሜ እንዳስከትብ ማንም አላዘዘኝምና።

ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠቱን ትቼዋለሁ።

ማናልበሽ ማቀዝቀዣው ኃይል አጥቶ የተበላሸውን ክትባት አልወጋም ብላ ደፋችው። ከዚያ በየሳምንቱ በረዶ የያዘ ሳጥን አንግታ ጎባ ትመላለስ ጀመር፤ መኪና ባጣች ቀን በእግሯ። የምታመጣው ለጥቂት ልጆች ብቻ ይበቃ ነበር። በኅዳር ኩፍኝ ሰፈራችን ገባና የልብስ ሰፊውን የከማለዲንን ልጅ ወሰዳት፤ ከእሷ በኋላም ሁለት ሕፃናት ቀበርን። ለቅሶ ስደርስ ከማለዲን ተነሥቶ ከአጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ። «ና ተቀመጥ፣ አንተም የልጅ አባት ነህ» አለኝ። ተቀመጥኩ፤ ያቀረቡልኝንም በላሁ።

በጥር በጠሩት ስብሰባ ለሕፃናቱ ሞት ምክንያቱ የጤና ረዳቷ ቸልተኝነት መሆኑን በሚያምር አማርኛ አስረዱን። ማናልበሽ ተነሥታ ወደ እኔ ዞረች፤ «ጋሼ ዘሪሁን፣ ሰሌዳዎቹን ያወረዱበትን ቀን ብቻ ይንገሩልኝ፤ ሌላ አልጠይቅዎትም» አለች። ተነሣሁ። እርስዎም አዩኝ። «ቀኑን አላስታውሰውም» አልኩና ተቀመጥኩ። ቀኑ በልጄ የክትባት ካርድ ላይ፣ በማናልበሽ በራሷ እጅ ተጽፎ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ነበር። እሷን በሳምንቱ ከተራራው ማዶ ጫካ ውስጥ ወዳለችው ወደ ሪራ በቅጣት ላኳት።

ባለፈው ሳምንት እንጨት በሚጭን መኪና ተሳፍሬ ሪራ ወረድኩ። ማር ሲቆርጥ ከዛፍ የወደቀ ሰው እግር ስታጥብ አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት። እጇን ሳታቋርጥ ሰማችኝና፣ «ልጅዎ ደኅና ናት?» አለችኝ። ደኅና መሆኗን ስነግራት፣ «እንኳን ተረፈች። ይህን ግን መጀመሪያ መስማት የነበረበት ከማለዲን ነው» አለች።

ከማለዲን የስፌት መኪናውን እየረገጠ አገኘሁት። ስነግረው እግሩ ቆመ። ከመርፌው ላይ ዓይኑን ሳያነሣ፣ «ውጣ» አለኝ። ወጣሁ። ይቅርታ ልለምነው አስቤ ነበር፤ አልለመንኩትም።

ትናንት በጠራራ ፀሐይ አራቱን ሰሌዳዎች ከአዳራሹ ጣራ አውርጄ በክሊኒኩ ላይ መልሼ አስሬያቸዋለሁ። ማንም አልረዳኝም፤ የጠየቅሁትም ሰው የለም፤ ስለዚህ የአዳራሹን ዘብ ዘይነዲንን በከንቱ እንዳይመረምሩት። ማቀዝቀዣው ዛሬ ጠዋት መቀዝቀዝ ጀምሯል። የልጄን ካርድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ቀኑን ያንብቡልኝ። ማናልበሽ ጥፋት እንደሌለባት እርስዎም እኔም እናውቃለንና፣ በስብሰባ ፊት የተወሰደ ስሟ በስብሰባ ፊት እንዲመለስላት በትሕትና እለምናለሁ።

ለሰፊው ሕዝብ ሲሉ እንቅልፍዎን እንዳያጡ ከልብ የሚሳሳልዎ፣ በሚጠሩት ጊዜ አቤት ለማለት ከሁሉ የሚቀድም፣ እውነት ሲጠየቅ ግን ከሁሉ የዘገየ ታዛዥዎ፣

ዘሪሁን ባዳሳ
መጋቢት 1978 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ የሰሌዳዎቹ መስተዋት አቧራ ከያዘው ኃይሉ ስለሚደክም ጠዋት ጠዋት እየወጣሁ እጠርገዋለሁ፤ ሊወስዱኝ የሚላኩ ጓዶች ቤቴ ካጡኝ እዚያው ነኝ። እርስዎም አብረዋቸው ቢመጡና አንድ ጊዜ ቢወጡ መልካም ነው፤ ከዚያ ጣራ ላይ አዳራሽዎ አይታይም፣ የልጆቹ መቃብር ግን ጥርት ብሎ ይታያል።