ሰርቨሩ እምቢ ያለው ቁልፍ

እትዬ ሄልካ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ትፈሪያለሽ? የስፔን ፀሐይ እንደተስማማችሁ ተስፋ አለኝ። እኛ ጨለማው በየቀኑ ከመርዘሙ በቀር ደህና ነን። እኔ ብቻ ሰሞኑን ውስጤ ደህና አልነበረም።

ከክፍላችን አንድ ሰው እንደሚቀነስ ጽፌልሽ ነበር። ወይ እኔ፣ ወይ ያ አሥር ዓመት አጠገቤ ተቀምጦ በቅጡ ያላወራኝ ኢስሞ። ውሳኔው ዓርብ ነው ተባለ። ሰኞ ጠዋት ታዲያ የጻፍኩትን ኮድ ወደ ጋራው ሰርቨር ልልክ ስል፣ ሁልጊዜ የምልክበት ፕሮግራም «ቁልፍህ ተቀባይነት የለውም» ብሎ መለሰኝ። ሰርቨሩ የሚያስገባን እያንዳንዳችን ኮምፒውተራችን ላይ ባስቀመጥነው፣ «ቁልፍ» በምንለው ምስጢራዊ ፋይል ነው። ቁልፍ የሚመዘግብና የሚሰርዝ ደግሞ ማን መሰለሽ? ኢስሞ ነዋ።

የባሰው ነገር፣ ፕሮግራሙን ትቼ በጥቁሩ ስክሪን ትእዛዙን በእጄ ስጽፍ ያው ሰርቨር እሺ ብሎ ያስገባኛል። ሥራዬን በዚያ በኩል ላክሁ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። እንዳይነቃበት አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን ክፍት ትቶታል አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ትይኝ የለም? ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስነጥስ እንኳ ጠረጠርኩት።

ሐሙስ ዕለት ራሱ የጋገረውን ሄል የገባበት ዳቦ ይዞ መጣ። እኛ ዘንድ ዳቦ የሚያመጣው ተሰናባቹ እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኔ ግን ጥርጣሬ ዓይኔን ጋርዶት፣ በኔ ስንብት ሊደግስ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ቁልፌን ሰርዘህ ዳቦ ታበላኛለህ?» አልኩት። አለቃችን ሪትቫ አቀረቀረች። ኢስሞ እጁን ጠርጎ ኮምፒውተሬ ላይ ተቀመጠና የሰርቨሩን መዝገብ ከፍቶ እምቢ የተባለውን ቁልፍ በጣቱ ጠቆመ።

«ታርሞ፣ ይሄ የኔ ቁልፍ ነው» አለኝ።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አምና በጁላይ ዕረፍት ሲወጣ ሥራው እንዳይቆም ብሎ ቁልፉን አውሶኝ ነበር፤ አይደረግም እኮ፣ ግን አመነኝ። ፕሮግራሙ ውስጥ አስገብቼው ረሳሁት። ጥቁሩ ስክሪን ለሰርቨሩ የኔን ቁልፍ ሲያሳይ፣ ፕሮግራሙ ለካ ይኸን ሁሉ ጊዜ የሱን ነው ሲያሳይ የኖረው። ኢስሞ ደግሞ ባለፈው ሳምንት «የምሄደው እኔ ልሁን፣ እሱ ልጆች አሉት» ብሎ ለሪትቫ ጽፎ፣ ሰኞ ጠዋት የራሱን ቁልፍ በገዛ እጁ ሰርዞታል። ይህንን የነገረችኝ ሪትቫ ናት።

«በኔ ቁልፍ ስትገባ አይህ ነበር» አለ እሱ። «ሥራው ያንተ ስለሆነ ዝም አልኩ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እኔ ሁለቱም ደርሶብኛል። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ራሱን ነቀነቀና ዳቦ ቆርሶ ሰጠኝ። አፈርኩ እትዬ፣ ክፉኛ አፈርኩ።

ባልሽን ራይኔን ሰላም በይልኝ፤ ልጅሽን ሲሪን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ያን ሰነፍ ውሻችሁንም ጆሮውን ዳብሽልኝ። ባለቤቴ ማርኬታና ልጆቹ ናፍቀሻቸዋል። የኢስሞን ቁልፍ ከፕሮግራሙ ላወጣው ሦስቴ ሞከርኩ። ከእንግዲህ ምንም እንደማይከፍት እያወቅሁ፣ እጄ እምቢ አለኝ።

ወንድምሽ ታርሞ
ኦውሉ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 2019