ፈረደ በቴሌቪዥን የተራበው ረሃብ

ረቡዕ፣ ኅዳር 9/2002። ጠዋት 4 ሰዓት

ዚፕ፣ ዚፕ፣ ዚፕ። ዛሬ የሚመጣልኝ ሁሉ የት/ቤት ሱሪ ነው። ደብተሬ፣ ስፌቱን አቁሜ አንቺን አወጣሁሽ። አስተርጓሚ ነኝ ያለ ሰው ሱቄ መጥቶ ሄደ። ከእስራኤል የመጣች ፊልም ሠሪ ልታነጋግረኝ ትፈልጋለች። ስለ ፈረደ።

ፈረደን ታውቂዋለሽ። የጎረቤታችን፣ የሸክላ ሠሪዋ የእምዬ የሻረግ ልጅ። እናቱን ቀብሮ በ83 ከዘመዶቹ ጋር እስራኤል ሄደ። እመጣለሁ ብሎኝ። ሽማግሌ የመለስሁት በእሱ ምክንያት ነው፤ ለሰው ሌላ ሌላ እላለሁ እንጂ።

ያው ዕለት፣ 11 ሰዓት ተኩል

አየሁት። በፊልም ሠሪዋ ኮምፒውተር።

ውድድር ነው። ሰዎቹን ባዶ ደሴት ላይ ይጥሏቸዋል፣ ምግብ ይነፍጓቸዋል፣ እየከሱ ሲሄዱ አገር በቴሌቪዥን ያያቸዋል። እስከ መጨረሻው የቻለ ያሸንፋል። ፈረደ አሸነፈ። ሴትዮዋ ደግሞ ስለ ውድድሩና ስለ እሱ ዘጋቢ ፊልም እየሠራች ነው። የደረቱ አጥንት ገጥጧል፣ ጢሙ ሸብቷል። ላቡን ዛሬም በክንዱ ነው የሚጠርገው። እንዴት ናፈቀኝ። አስተርጓሚው ባይኖር ስክሪኑን እዳስሰው ነበር።

ከዚያ ተናገረ። ረሃብ አያስፈራኝም፤ በ77 እናቴ የምታበላኝ አጥታ ጎንደር ልመና ትልከኝ ነበር አለ። እዚያ አገር ውሸቱን ነው እያሉ ያሙታል አሉ። እሱም ምስክሬ ናት ብሎ የእኔን ስም ሰጥቷል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10

ደወለ። በሴትዮዋ ስልክ። ከሄደ ወዲህ ድምፁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ምነው ጠፋህ ልለው አስቤ፣ ደህና ነህ ወይ ብቻ አልሁት። እንደነገርኋቸው አድርገሽ ንገሪልኝ አለ። ለጥምቀት እመጣለሁ፣ ኮሶዬ ተራራ እንወጣለን አለ። ቀኑን ሙሉ እያንጎራጎርሁ ሰፋሁ። የሰው ኮት እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ፈታሁት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ከተማው ጭስ ብቻ ነው። ሁሉም ቆሻሻውን ደጁ ላይ ያቃጥላል፤ እንግዶቹ ያስላሉ። ከሚካኤል መልስ እምዬ የሻረግ መቃብር ሄጄ ተቀመጥሁ።

እሷ ናት ልጇን ልመና የላከችው? በ77 የተራብነው እኛ ነን። ከእናቴ ጋር ጎንደር የለመንሁት እኔ ነኝ። ለማንም እንዳትናገር ብዬ የነገርሁት ለእሱ ብቻ ነበር። እምዬ የሻረግ ግን ማሰሮዋን በእህል እየለወጠች ለእኛም ታካፍለን ነበር። እነሱ ቤተ እስራኤል፣ እኛ ክርስቲያን ነን፤ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም። ስለዚህ በበዓላቸው ለእኔ ሽምብራ ለብቻ ትቀቅልልኝ ነበር፣ ሥጋ ባልነካው አዲስ ማሰሮ። ማሰሮውንም ይዘሽው ሂጅ፣ የአንች ነው ትለኝ ነበር።

ረሃቤን ወሰደብኝ። ይውሰደው፣ ለእሱ ከሆነ ምንም አይደል። እናቱን ግን እንዴት አስቻለው?

እሑድ፣ ኅዳር 13። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል

ካሜራው 3 ሰዓት ላይ ይመጣል። ፀጉሬን ተሠርቻለሁ፤ ያየኛል ብዬ። ጥምቀት ሁለት ወር ቢቀረው ነው። እንዳለኝ ብናገርለት ይመጣል። እወደዋለሁ፣ ምን ላድርግ።

ግን ቆርጫለሁ። የተራብሁት እኔ ነኝ፣ ያጠገበችኝ እናቱ ናት እላለሁ። ስሟን ከነአባቷ ጠርቼ። ከዚያ አይደውልም፣ አይመጣምም። መጡ መሰለኝ፣ በሩን ልክፈት።